ስሟ ዝርዝሩ ላይ ያልነበረው ጌርትሩድ ኮክስ

ለዚህ እትም ስለ አንድ የሙያችን ሰው ሕይወት እንድጽፍ አዘጋጆቹ ሲጠይቁኝ መጀመሪያ ያሰብኩት እንደ ሁላችሁም ፊሸርን ወይም ጋውስን ነበር። ስለ እነርሱ ግን ባለፉት እትሞች ብዙ ተብሏል። ስለዚህ እኔ የመረጥኩት ሁላችንም ስሟን በየቀኑ የምንጠራትን፣ ግን ማን እንደሆነች ብዙዎቻችን የማናውቃትን ሰው ነው።

የኤክስፐርመንታል ዲዛይን ኮርስ የወሰዳችሁ ሁሉ ኮክራን እና ኮክስ የሚለውን መጽሐፍ ታውቁታላችሁ። ላይብረሪያችን ውስጥ ያለው ኮፒ ጀርባው ተገንጥሎ በፕላስተር የተለጠፈ ነው፤ ሁለት ቀን ብቻ ነው የሚያውሱት። እውነቱን ለመናገር እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ኮክስ ወንድ ይመስለኝ ነበር። ኮክራን እና ኮክስ ስንል አንድ ቃል እስኪመስል ድረስ ለምደነዋል፤ ከኋላው ሰው ይኑር አይኑር ማን ያስባል? አንድ ቀን አንድ መምህራችን ሌክቸር እየሰጡ ሳለ ኮክስን ሴት አድርገው ሲጠሯት ከጎኔ ያለችው ጓደኛዬ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። ከክፍል እንደወጣን ቀጥታ ላይብረሪ ሄድኩና የመጽሐፉን የመጀመሪያ ገጽ ገለጥኩ። ጌርትሩድ ይላል። እንዴ! እስከዚያ ቀን ድረስ ያንን ገጽ አንድም ቀን አላየሁትም ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ስለ እሷ ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ጀመርኩ። እድሜዋንና ሥራዋን ላሰበ ሰው አንቱ ልትባል የሚገባት ሴት ናት። ነገር ግን ሳነብላት ከርሜ እንደ ታላቅ እህት ስለቀረበችኝ በአንቺ አገባብ ነው የምጽፈው፤ ታላላቆቼ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ዓመተ ምሕረቶቹን በሙሉ ያስቀመጥኩት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ጌርትሩድ ሜሪ ኮክስ የተወለደችው በጃንዋሪ 13 ቀን 1900 አዮዋ በሚባለው የአሜሪካ ክፍለ ሀገር ዴይተን በምትባል ትንሽ ከተማ አቅራቢያ ነው። ወላጆቿ ገበሬዎች ነበሩ። አዮዋ የበቆሎና የአሳማ አገር ነው፤ ይህን ልብ በሉልኝ፤ ስታቲስቲክስ እዚያ ለምን እንዳበበ ኋላ እንመጣበታለን። ፔሪ በምትባል ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷን በ1918 ጨረሰች። ያኔ ሐሳቧ ሒሳብም ሳይንስም አልነበረም። የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ዲያቆናዊት ሆና ችግረኞችን ማገልገል ነበር የፈለገችው። ለዚያም ሰለጠነች፤ ከዚያ ሞንታና ውስጥ በአንድ የሙት ልጆች ማሳደጊያ 16 ትንንሽ ወንዶች ልጆችን እንደ እናት ሆና የመንከባከብ ሥራ ያዘች።

ኮሌጅ የገባችውም ለዚሁ ብላ ነው። የማሳደጊያው የበላይ ኃላፊ ለመሆን ዲግሪ ያስፈልግ ነበር። በመሆኑም በ1925፣ በ25 ዓመቷ፣ ኤምስ ከተማ በሚገኘው አዮዋ ስቴት ኮሌጅ ተመዘገበች። ሳይኮሎጂ፣ ሶሲዮሎጂ፣ የእጅ ሥራ፤ ለልጆች ማሳደጊያ ይጠቅማል ያለችውን ሁሉ ወሰደች። ዋና ትምህርቷ ግን ሒሳብ ሆነ። ለምን ቢሉ ሒሳብ ስለሚቀላትና ስለምትወደው ነው። እዚህ ጋ ትንሽ ሳቄ መጣ። እኛ ግቢ ሒሳብ ስለሚቀለኝ ነው የገባሁት የሚል ተማሪ ቢገኝ ዶርም ውስጥ ሰላም የሚያገኝ አይመስለኝም።

የትምህርት ወጪዋን ለመሸፈን ደግሞ የካልኩለስ መምህሯ በነበረው በጆርጅ ስኔዴኮር ሥር በስሌት ክፍሉ ውስጥ መሥራት ጀመረች። ስኔዴኮርን ታውቁታላችሁ፤ የኤፍ ስርጭትን ለፊሸር ክብር ኤፍ ብሎ የሰየመው እሱ ነው። በዚያን ጊዜ ስሌት ማለት አሁን ኮምፒውተር ላቡ ተዘጋ ብለን እንደምናማርረው አይነት ነገር አይደለም። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ፣ በእጅ የሚሠራ፣ የሚንኳኳ መደመሪያ ማሽን ነበር። አንድ የስኩየሮች ድምር ለማግኘት ከሰዓት በኋላው በሙሉ ያልቅ ነበር። ጌርትሩድ በዚህ ሥራ እጇ የፈጠነ ነበረች፤ ቁጥር ሲሳሳትም ቶሎ ይታያታል። በ1929 በሒሳብ የመጀመሪያ ዲግሪዋን ያዘች፤ ወደ ማሳደጊያው ግን አልተመለሰችም። በ1931 አዮዋ ስቴት ለመጀመሪያ ጊዜ በስታቲስቲክስ የሰጠው የማስተርስ ዲግሪ የእሷ ሆነ።

አዮዋ ላይ ቆም ልበል። የስታቲስቲክስ ድህረ ምረቃ ትምህርት ከየት መጣ ብለን ብንጠይቅ አብዛኞቻችን ለንደን እንላለን፤ ልክም ነን። ካርል ፒርሰን በ1911 ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን ውስጥ የአፕላይድ ስታቲስቲክስ ዲፓርትመንትን ከፍቷል። በአሜሪካ ግን ነገሩ ከሒሳብ ሊቃውንት ክፍል ይልቅ ከእርሻው ነው የተነሳው። ሄንሪ ዋላስ የሚባል፣ የበቆሎ ዘር የሚያዳቅል የእርሻ ጋዜጠኛ፣ በ1924 ቅዳሜ ቅዳሜ ኤምስ እየመጣ ለኮሌጁ መምህራን ስለ ኮሪሌሽንና ሪግሬሽን ያስተምር ነበር። በዓመቱ ከስኔዴኮር ጋር ሆነው ኮሪሌሽንን በማሽን ስለማስላት አንድ ትንሽ ጽሑፍ አሳተሙ። ይኸው ዋላስ በኋላ የአሜሪካ የእርሻ ሚኒስትር፣ ከዚያም ከ1941 እስከ 1945 ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኗል። እንግዲህ አስቡት፤ ትምህርቱ ከላይ በአዋጅ የመጣ ሳይሆን፣ ይህ በቆሎ ከዚያኛው ይበልጣል ወይስ ዕድል ነው ብሎ ከሚጨነቅ ሰው የመጣ ነው። እኛም አገር ብንሄድ ያው ነው። አለማያ ኮሌጅ በ1950ዎቹ በኦክላሆማው ኮሌጅ እርዳታ ሲቋቋም የተከተለው ይኸንኑ የአሜሪካ የእርሻ ኮሌጆች ሥርዓት ነበር፤ ማስተማር፣ ምርምር፣ ለገበሬው ማድረስ።

ወደ ጌርትሩድ ልመለስ። ማስተርሷን እንደያዘች ለፒ.ኤች.ዲ. ወደ ካሊፎርኒያ በርክሌይ ሄደች፤ የሳይኮሎጂ ስታቲስቲክስ ልታጠና። ሁለት ዓመት ተማረች። በ1933 ስኔዴኮር አዮዋ ስቴት ውስጥ የስታቲስቲክስ ላቦራቶሪ ሲከፍት ነይ አላት፤ እሷም ትምህርቷን ትታ ተመለሰች። ፒ.ኤች.ዲ.ው እዚያው ቀረ። ከዚያ በኋላ ተመልሳ አልጨረሰችውም። ይህን ሳነብ ትንሽ ደነገጥኩ፤ ምክንያቱም ይህች ሴት ከጥቂት ዓመታት በኋላ የምትሠራው ሥራ ምን እንደሆነ አስቀድሜ አውቄ ነበር።

በላቦራቶሪው የስሌቱን ሥራ መራች። የፐንች ካርድ ማሽኖችና ደርዘን የሚሆን ሥራ በዙሪያዋ ነበር፤ ከእርሻ ጣቢያው ተመራማሪዎች ዳታቸውን ተሸክመው ይመጡባታል። ከ1934 ጀምሮ ደግሞ ኤክስፐርመንታል ዲዛይን ማስተማር ጀመረች። በ1931 ክረምት ፊሸር ራሱ ወደ ኤምስ መጥቶ አስተምሮ ነበር፤ በ1936ም ተመልሷል። ስለዚህ ትምህርቱን ከምንጩ ነው የቀዳችው። ግን የፊሸር መጽሐፍ፣ ያነበባችሁት ታውቃላችሁ፣ አንዱን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ ካላነበቡት የማይገባ ነው። የእሷ ትምህርት እንዲህ አልነበረም። ከእርሻ፣ ከከብት እርባታ፣ ከምግብ ዝግጅት የመጣ እውነተኛ ሙከራ ይዛ ትገባና ከዚያ ነበር የምትጀምረው። የክፍሉን ማስታወሻ በስቴንስል አባዝታ ለተማሪ ትሰጥ ነበር። በ1939 ዊልያም ኮክራን ከእንግሊዝ ኤምስ ሲመጣ ያ ማስታወሻ የሁለቱ ሆነ፤ ቀስ በቀስም ወደ መጽሐፍ አደገ።

ሦስት ነገሮችን ለተመራማሪው ሁሉ ትደጋግም ነበር። አንደኛ፣ ሙከራው የተፈለገበት ዓላማ በግልጽ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ሙከራው በዝርዝር ይገለጽ፤ ምን በምን ላይ፣ የት፣ ስንት ጊዜ። ሦስተኛ፣ ሙከራው ከመጀመሩ በፊት ዳታው እንዴት እንደሚተነተን አስቀድሞ ይነደፍ። ስታነቡት በጣም ቀላል ነው። እኔም እንዲሁ አንብቤ አልፌው ነበር።

ባለፈው ዓመት ለፕሮጀክቴ የአንድ የማዳበሪያ ሙከራ ዳታ አገኘሁ። አራት አይነት የማዳበሪያ መጠን፣ ከእያንዳንዱ አምስት አምስት ናሙና፣ በድምሩ 20 ቁጥር። ደስ ብሎኝ ላብ ገባሁና አኖቫ ሠራሁ። የስህተቱ ዲግሪ ኦፍ ፍሪደም 16፣ የኤፍ ዋጋው እንዴት ያለ ትልቅ! ጓደኞቼን ሻይ ጋበዝኩ። አማካሪዬ ወረቀቱን አዩና ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፤ ማሳው ላይ ስንት መደብ ነበር? ደውዬ ጠየቅኩ። አራት። ለእያንዳንዱ መጠን አንድ መደብ ብቻ። አምስቱ ናሙና ከአንድ መደብ ውስጥ ከተለያየ ቦታ የታጨደ ነው። ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም፤ ግን ለአንደኛ ዓመቶች ስል ልበለው። ማዳበሪያው የተሰጠው ለመደቡ እንጂ ለናሙናው አይደለም፤ ስለዚህ ያለኝ 20 ሳይሆን 4 ቁጥር ነው። አራት መጠን፣ አራት መደብ፤ ለስህተቱ የቀረው ዲግሪ ኦፍ ፍሪደም ዜሮ። የምርት ልዩነቱ የማዳበሪያው ይሁን የመሬቱ ለምነት የሚለይበት መንገድ የለም። ሙሉ የክረምት ሥራ፣ የሰዎች ድካም፣ እንዲሁ ቀረ። ዳታውን የሰጡኝን ሰዎች አልወቅስም፤ ከመዝራታቸው በፊት የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። የጌርትሩድ ኮክስ ሥራ በሙሉ፣ በደንብ ካያችሁት፣ ተመራማሪው ወደ ስታቲስቲሺያኑ ከመከር በኋላ ሳይሆን ከመዝራቱ በፊት እንዲመጣ ለማድረግ የተደረገ ትግል ነው።

አሁን ወደ ዋናው ታሪክ እንምጣ። 1940 ላይ ነን። ራሌይ ከተማ የሚገኘው ኖርዝ ካሮላይና ስቴት ኮሌጅ በእርሻ ትምህርት ቤቱ ውስጥ የኤክስፐርመንታል ስታቲስቲክስ ዲፓርትመንት ሊከፍት አሰበ። ኃላፊ የሚሆን ሰው ጠቁመን ብለው ለስኔዴኮር ጻፉለት። ስኔዴኮር የሚያውቃቸውን ጥሩ ጥሩ ሰዎች ስም ዘርዝሮ ደብዳቤ አዘጋጀ፤ ሁሉም ወንዶች። ከመላኩ በፊት ለጌርትሩድ አሳያት። እሷም የእኔን ስም ለምን አላስገባኸውም ብላ ጠየቀችው።

በቃ፤ የጠየቀችው ይህን ብቻ ነው። ስኔዴኮርም ደብዳቤው ግርጌ ላይ አንድ ነገር ጨመረ፤ ለቦታው ሴት የምትቀበሉ ከሆነ ከባልደረቦቼ መካከል ጌርትሩድ ኮክስን እጠቁማለሁ የሚል ሐሳብ። ራሌዮች ከላይ የተዘረዘሩትን ሁሉ ትተው ከግርጌ ያለችውን ቀጠሩ። በኮሌጁ ታሪክ ሙሉ ፕሮፌሰርና የዲፓርትመንት ኃላፊ ለመሆን የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ዲፓርትመንቱ በ1941 መጀመሪያ ላይ በይፋ ሥራ ጀመረ።

ስኔዴኮር ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህንን ማለት አለብኝ። ሥራ የሰጣት፣ ያስተማራት፣ ከካሊፎርኒያ የጠራት እሱ ነው። ግን ከእሱ ጠረጴዛ ጥቂት እርምጃ ርቃ የምትሠራዋን ሰው ዝርዝሩን ሲጽፍ አላሰባትም። ይህ ነው የከነከነኝ። ስለማይወዳት ወይም ስለናቃት ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይቀልለኝ ነበር።

የሁለተኛ ዓመት ተማሪ እያለሁ፣ ለአንድ የመስክ ዳሰሳ ዳታ ሰብሳቢዎች ተመልምለው ስማቸው ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ነበር። የት እንደሆነ አልናገርም። ውጤቴ ዝርዝሩ ላይ ካሉት ከብዙዎቹ አያንስም ነበር፤ ስሜ ግን የለም። የሌላም ሴት ስም የለም። ቦታው ሩቅ ስለሆነ ሴቶቹ ይቸገራሉ ተብሎ ነው አሉኝ ጓደኞቼ። ማንም መጥቶ ትሄጃለሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። እኔስ? ሰሌዳው ፊት ቆሜ ሁለት ጊዜ አነበብኩና ወደ ዶርም ተመለስኩ። ለምን የእኔ ስም የለም ብዬ አልጠየቅኩም። አስተባባሪው ምናልባት እንደ ስኔዴኮር ግርጌው ላይ ይጨምረኝ ነበር፤ ምናልባትም አይጨምረኝም። ባለመጠየቄ ይህን እስከ ዛሬ አላውቅም። ለዚህ ነው ይህችን የአንድ ዓረፍተ ነገር ጥያቄ ስደርስባት ለብዙ ደቂቃ ሌላ ገጽ መግለጥ ያቃተኝ።

ራሌይ ከደረሰች በኋላ ያደረገችው የሥራ ብዛት ለመዘርዘርም ይታክታል። ቁም ነገሩ ግን ስታቲስቲክስን የማስተርስና የፒ.ኤች.ዲ. ትምህርት አድርጋ እንዴት እንዳደራጀችው ነው፤ ድህረ ምረቃ ልንገባ የምናስብ ሰዎች ልናውቀው ይገባል። መምህራኖቿ ጊዜያቸው ለሁለት የተከፈለ ነበር፤ ግማሹ ለማስተማር፣ ግማሹ ከእርሻ ጣቢያው ተመራማሪዎች ጋር ቁጭ ብሎ ለመምከር። ክፍል ውስጥ ብቻ የሚያስተምር ሰው አትፈልግም ነበር። ተማሪውም እንዲሁ፤ ከቲዎሪው ጎን እውነተኛ ተመራማሪ ፊት ቀርቦ ችግሩን አዳምጦ ዲዛይን ማውጣት ይለማመዳል። ለሥራ ላይ ያሉ ሰዎች ደግሞ አጫጭር ኮርሶችና ጉባኤዎች ታዘጋጅ ነበር፤ ከፊሸር ጀምሮ ትልልቅ ሰዎች እየመጡ ያስተምሩባቸዋል።

ገንዘብ ማምጣትም ታውቅበት ነበር። በ1944 የኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ የስታቲስቲክስ ኢንስቲትዩት ሲቋቋም ዳይሬክተሯ እሷ ሆነች። የሮክፌለር ቤተሰብ ገንዘብ ያቋቋመው ጄኔራል ኤጁኬሽን ቦርድም ለድህረ ምረቃ ፕሮግራሙ ድጋፍ ሰጠ። እቅዷ አንድ ብልህ ነገር ነበረው። ቲዎሪውን እኔ ጋ አላደርገውም፤ ቻፕል ሂል ባለው ግቢ ይሁን አለች። በ1946 ሃሮልድ ሆቴሊንግ ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ መጥቶ ቻፕል ሂል ላይ የማቲማቲካል ስታቲስቲክስ ዲፓርትመንትን መሠረተ፤ በዚያው ዓመት ኮክራን ከአዮዋ ወደ ራሌይ መጥቶ የድህረ ምረቃውን ትምህርት ያዘ። እነ ሆፍዲንግ፣ እነ አር. ሲ. ቦስ ቻፕል ሂል ያስተማሩት በዚህ ምክንያት ነው። በ1949 ደግሞ እዚያው ቻፕል ሂል በሕዝብ ጤና ትምህርት ቤት ውስጥ የባዮስታቲስቲክስ ዲፓርትመንት ተከፈተ። እንግዲህ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ፣ ከባዶ ተነስቶ፣ ሦስት ዲፓርትመንት፤ አንዱ ለተግባር፣ አንዱ ለቲዎሪ፣ አንዱ ለጤና። የፒ.ኤች.ዲ. ተማሪዎች የሚመረቁበትን ይህን ሁሉ ያደራጀችው ሴት ራሷ ፒ.ኤች.ዲ. የላትም። የተማረችበት አዮዋ ስቴት የክብር ዶክትሬት የሰጣት በ1958 ነው፤ ያኔ ዕድሜዋ 58 ነበር።

ይህን ጉዳይ ከአንድ የማስተርስ ተማሪ ጋር ተከራክረንበታል። እሱ የሚለው፣ ያኔ ወረቀት አይጠየቅም ነበር፣ አሁን ግን ያለ ፒ.ኤች.ዲ. ማንም አይሰማሽም ነው። ልክ ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ያኔም ይጠየቅ ነበር እላለሁ፤ አዮዋ እያለች ረዳት ፕሮፌሰርነት እንኳ ያገኘችው ለዓመታት ካስተማረች በኋላ በ1939 ነው። ክርክሩ አላለቀም፤ ካፌ ካገኛችሁን ተቀላቀሉን።

በጎን ደግሞ ሌላ ሥራ ነበራት። ባዮሜትሪክስ የሚባለውን መጽሔት ከተመሠረተበት ከ1945 ጀምሮ እስከ 1955 አዘጋጅታለች። በ1947 ዉድስ ሆል ላይ ዓለም አቀፉ የባዮሜትሪክ ማኅበር ሲመሠረት፣ ፊሸር የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኖ ሲመረጥ፣ እሷ ከመሥራቾቹ አንዷ ነበረች፤ ኋላ በ1968 እና በ1969 እሷም መርታዋለች። በ1949 ለዓለም አቀፉ የስታቲስቲክስ ኢንስቲትዩት አባልነት የተመረጠች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። በ1956 የአሜሪካ ስታቲስቲክስ ማኅበር ፕሬዚዳንት ነበረች። እዚህ ላይ ግን የመጀመሪያዋ ሴት አይደለችም፤ ሔለን ዎከር በ1944 ቀድማታለች። የስታቲስቲክስ ቀዳማዊት እመቤት የሚል ቅጽል ስምም ወጥቶላት ነበር።

መጽሐፉ የታተመው በ1950 ነው፤ ሁለተኛው እትም በ1957። እኛ ላይብረሪ ያለው ሁለተኛው ነው። ከትምህርት ማስታወሻነት እስከ ሕትመት ከአሥር ዓመት በላይ ወስዷል ማለት ነው። በውስጡ የዲዛይን ፕላኖች ተዘርዝረው ተቀምጠዋል፤ ተመራማሪው የሚስማማውን መርጦ፣ እጣውን አውጥቶ፣ በቀጥታ ማሳው ላይ ያውለዋል። ለምሳሌ ስፕሊት ፕሎትን ውሰዱ። መስኖ ለትንሽ መደብ መስጠት ያስቸግራል፤ ውሃው ወደ ጎረቤት ይፈሳል። ስለዚህ መስኖውን ለትልቁ መደብ፣ የዘር አይነቱን በውስጡ ላሉት ትንንሽ መደቦች ይሰጣሉ። ታዲያ ለሁለቱ አንድ የስህተት ቫርያንስ መጠቀም አይቻልም። መጽሐፉ ይህን የሚያስረዳው ቦይ ቆፍሮ በሚያውቅ ሰው አንደበት ነው። የገበሬ ልጅነቷ እዚያ ላይ ይታየኛል፤ ምናልባት ለእኔ ብቻ ይሆናል።

በ1960 ከኮሌጁ ጡረታ ወጣች። ማረፍ ግን አላወቀችበትም። ራሌይ፣ ደርሃምና ቻፕል ሂል በሚሠሩት ሦስት ማዕዘን መካከል የተቋቋመውን የሪሰርች ትራያንግል ኢንስቲትዩት እንዲመሠረት ካገዙት አንዷ ነበረች፤ ጡረታ እንደወጣች የዚያን የስታቲስቲክስ ክፍል መራች። ከዚያም ግብጽና ታይላንድ እየሄደች የስታቲስቲክስ ትምህርት ፕሮግራሞችን አማክራለች። መጓዝ ትወድ ነበር፤ ካሜራ ከእጇ አይለይም፤ ቤቷ ስትሆን አትክልት ትኮተኩታለች። ትዳር አልያዘችም።

ላባችን ኮምፒውተሮች ላይ ያለውን ሳስን የምትጠሉ ሁሉ ደግሞ ይህን ስሙ። የዚያ ሶፍትዌር ሥራ ከ1966 ጀምሮ የተጠነሰሰው እሷ በከፈተችው በራሌይ ዲፓርትመንት ውስጥ ነው፤ የእርሻ ጣቢያዎችን ዳታ ለመተንተን። ራሱን ችሎ ኩባንያ የሆነው በ1976 ነው። ስለዚህ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ሴሚኮለን ረስታችሁ ቀይ ጽሑፍ ሲወጣባችሁ፣ ማንን እንደምታነሱ ታውቃላችሁ።

የራሌይ ዩኒቨርሲቲ በ1970 አንድ ሕንፃ ኮክስ ሆል ብሎ በስሟ ሰየመ። በ1975 ደግሞ ለአሜሪካ የሳይንስ አካዳሚ አባልነት ተመረጠች። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ የደም ካንሰር ያዛት። ደርሃም በሚገኘው በዱክ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ስትታከም የሕክምናዋን ሂደትና ለውጡን በየጊዜው በጥንቃቄ ትመዘግብ ነበር፤ ራሷንም የሙከራው መደብ እኔ ነኝ እያለች ትጠራ ነበር። በኦክቶበር 17 ቀን 1978 በ78 ዓመቷ አረፈች።

ይህን ጽሑፍ ለአዘጋጆቹ ከማስረከቤ በፊት ያ የማዳበሪያ ሙከራ ወደ ተካሄደበት ቦታ በድጋሚ ደውዬ ነበር። ለመጪው ክረምት እንደገና ሊዘሩ አስበዋል። እጣውን እኔ ላውጣላችሁ ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው፤ አራት ብሎክ፣ በየብሎኩ አራት መደብ። መሬቱ ተዳፋት ነው ወይ፣ ውሃ በየት በኩል ይወርዳል ብዬም ጠየቅኋቸው። ሰውየው ሳቁና መጥተሽ እይው አሉኝ። የሚቀጥለው ቅዳሜ እሄዳለሁ፤ መጽሐፉን ለሁለት ቀን ሳይሆን ለአራት ቀን እንዲያውሱኝ ላይብረሪያኗን እየለመንኳቸው ነው።